«አፍ» የሚለውን ቃል የሰረዝኩ ዕለት

ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። የሥራ ዘመን ትዝታዬን ልጽፍ ነው ስላቸው ጓደኞቼ ሳቁብኝ። አንደኛው፣ መጀመሪያ ጥርስህ ይርገፍ፣ ከዚያ ትደርስበታለህ አለኝ። ይሳቁ። ሰውን ጡረታ የሚያስወጣው ሽበት ብቻ አይደለም። ክፍልህ እዚያው ሆኖ፣ ወንበርህ እዚያው ሆኖ፣ እስከ ትናንት የሠራኸውን ከነገ ጀምሮ አፍርስ ሲሉህ ያኔም ጡረተኛ ነህ። እኔን ማንም ጡረታ አላወጣኝም። ራሴ ነኝ የወጣሁት።

ባለፈው ወር ክሊራንስ ይዤ ቦንጋ ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ የግል ኮሌጅ ቢሮዎችን ስዞር ዋልኩ። ስሙን የማልጽፈው ፈርቼ አይደለም፤ እዚያ የቀሩ ጥሩ ሰዎች ስላሉ ነው። የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት መረከቧን ፈረመች። ሌላ የምትመልሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ የለም አልኳት። ደመወዙ እንደማንኛውም ደመወዝ ነበር፤ ይመጣል፣ ያልቃል። የምጽፈው ስለ ሥራው ነው። መደቤ «የጽሑፍ ረዳት» ይባል ነበር። ኮሌጅ ገብተው የመጀመሪያ ድርሰታቸውን የሚጽፉ ልጆች ወደ ክፍሌ ይመጣሉ፤ እኔ የማላስፈልጋቸው እስኪሆኑ ድረስ ከጎናቸው እቀመጣለሁ። ሲናገሩት ቀላል ነው።

እጄ የሠለጠነው ግን በሌላ ቤት ነበር። የዋጫ ከተማ ልጅ ነኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልሳካ ሲለኝ ወደ ቦንጋ መጣሁና በእትዬ ዘነበች የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ተቀጠርኩ። ቤቱ ከመንግሥት ቢሮዎች ፊት ለፊት ስለሆነ ዋናው እንጀራችን ማመልከቻ ነበር። ሰውየው ይገባል። ስለ ድንበሩ፣ ስለ ወንድሙ፣ ድንበር አልፋ ስለገባችው ላም ቆሞ ያወራል፤ ይቆጣል፣ አንዳንዱም ያለቅሳል። እኔ ያን ሁሉ አንድ ገጽ አደርገዋለሁ። «ጉዳዩ፦» ብዬ እከፍታለሁ፣ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደሞከርኩት» ብዬ እቀጥላለሁ፣ «በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ» ብዬ እዘጋለሁ። ላሟም ወንድምየውም ይጠፋሉ። አንብቤለት ስጨርስ ሰውየው እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው ያየኛል፤ ከዚያ ያመሰግነኛል። እዚያ ቤት በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ አንድም ሰው «እኔ ያልኩት ይሄን አይደለም» ብሎኝ አያውቅም። ያኔ ይሄ ሙገሳ ይመስለኝ ነበር።

እትዬ ዘነበች ጥሩ አለቃ ነበሩ። ፍጥነት፣ ኅዳግና ትዕግሥት አስተምረውኛል። ያለቀሰ ባለጉዳይ መጀመሪያ ይቀመጣል፣ ከዚያ ይጻፍለታል የሚለው የሳቸው ደንብ ነው። እኔ ደግሞ በተበላሹ ወረቀቶች ጀርባ ግጥም እጽፍ ነበር። ግጥም ማንም አላስተማረኝም። ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ፣ ከባድ ቃል ባገኘሁ ቁጥር እንደ ሎተሪ ኪሴ ውስጥ እየከተትኩ ለራሴ ነው የተማርኩት። እትዬ ሲይዙኝ ባለቅኔው ይሉኛል። «ባለቅኔው፣ ሚስት ስታገባ ትገጥማለህ፤ አሁን የሰውየውን መሬት ጨርስ።»

ጋሽ አደሎን ያወቅኳቸው እዚያ ነው። በጌሻና በጨና ትምህርት ቤቶች ዕድሜያቸውን ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ኮሌጁ የጽሑፍ ክፍሉን እንዲያቋቁሙለት ቀጥሯቸው ነበር። አንድ ቀን የተማሪዎቻቸውን ድርሰቶች አምጥተው አስተይበው ሊያስጠርዙ ሰጡኝ። እኔም ስተይብ ስህተቱን ሁሉ አረምኩላቸው፤ ደስ ይላቸዋል ብዬ። በማግስቱ መጡና ቆመው አነበቡ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ።

«የልጁ ስህተት የታለ?»

«አስተካክዬዋለሁ ጋሼ።»

«ማን አዘዘህ? መልስለት።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ወንበር ስበው ተቀመጡና ጠበቁኝ። በእጅ የተጻፈው ቤታቸው ስለነበር እያንዳንዱን ስህተት ከአእምሮዬ እያወጣሁ በየቦታው መለስኩት፤ የትኛው ልጅ «ሸ»ን «ሰ» ብሎ እንደሚጽፍ፣ የትኛው ልጅ እናቱን «መጣ» እንደሚላት፣ ማን ነጥብ እንደማያውቅ። ስጨርስ አዩና ሳቁ። ይሄን ሁሉ ከያዝክማ ማንበብ ትችላለህ ማለት ነው፣ እዚህ ምን ትሠራለህ አሉኝ። በወሩ የጽሑፍ ረዳት ሆንኩ። እትዬ ዘነበች ሲሸኙኝ፣ ሄደህ ደግሞ እዚያ እንዳትገጥምባቸው አሉ።

ስለ ጋሽ አደሎ አሠራር በዝርዝር መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም አሁን ማንም እንደዚያ አይሠራም።

ወደ ክፍሉ እስኪሪብቶ ይዘው አይገቡም። ተማሪው ሲመጣ ወረቀቱን አይቀበሉትም። «አንብብልኝ» ይሉታል፤ እሳቸው ሁለት እጃቸውን ከጭናቸው ሥር ከተው ይቀመጡባቸዋል። መጀመሪያ ብርድ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ስጠይቃቸው፣ እጄ ሌባ ነው፣ የሰው ወረቀት ሲያይ አያስችለውም አሉኝ። ልጁ ሲያነብ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። የሚያዳምጡት ሰዋስው አይደለም፤ ድምፅ ነው። ልጁ ያየውን በጻፈበት ቦታ ድምፁ ቀና ይላል። ይባላል ብሎ ያሰበውን በጻፈበት ቦታ ይወርዳል፣ ይጣደፋል። ጋሽ አደሎ ያን ጊዜ ብቻ ነው የሚያቆሙት፤ «እዚህ ጋ ምን ፈራህ?» ብለው። መልሱ ሁልጊዜ ከወረቀቱ ይሻላል። «በል እሱን ጻፈው» ይሉና ተነሥተው ይወጣሉ። አብረውት አይቀመጡም። ሰው እያየው የሚጽፍ ሰው የሚጽፈው ለሚያየው ሰው ነው ይሉ ነበር።

«ጎበዝ» አይሉም። አብረን በሠራንበት ጊዜ ሁሉ አንድ ቀን ሲሉ አልሰማሁም። በምትኩ «ላሟን አየኋት» ይላሉ፤ ወይም «ጭቃው ጫማዬ ውስጥ ገባ»። ልጆቹ ከጎበዝ ይልቅ ይሄን ይዘው ሲወጡ አንገታቸው ይቃና ነበር። የፊደል ስህተትም አይነግሩም። እያንዳንዱ ተማሪ «ጥፋቴ» የሚባል ትንሽ ደብተር አለው፤ በሳምንት አንድ ዓይነት ስህተት ብቻ ራሱ መርጦ፣ ራሱ አድኖ፣ ከመዝገበ ቃላቱ ራሱ አግኝቶ እዚያ ይጽፋል። አንድ ብቻ። ሌሎቹ ስህተቶች ተራቸውን ይጠብቃሉ። መምህራኑ ይሄን አይወዱትም ነበር፤ ቀይ ያልነካው ወረቀት ለነሱ ያልታየ ወረቀት ነው።

አየለች የመጣችው በሁለተኛው ዓመቴ ነው። ከደካ ወጣ ካለ ገጠር ናት፤ ቀጭን፣ ቃል የምትቆጥብ ልጅ። የተሰጣት ርዕስ «ስለ ራሴ» የሚል ነበር። ወረቀቷን ገልጣ እንዲህ ብላ ማንበብ ጀመረች፦ «ለአማርኛ መምህር። ጉዳዩ፦ ስለ ራሴ እንድጽፍ እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ ይሆናል።»

ልስቅ ነበር። ግን የራሴን የእጅ ሥራ ነው ያየሁት። ለገጠሩ ሰው ወረቀት ማለት ማመልከቻ ነው። አባቷ አንድ ጊዜ ያስጻፈው ማመልከቻ በላስቲክ ተጠቅሎ ቤታቸው ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል፤ እሷም የጽሑፍ ልክ እሱ ነው ብላ አደገች። እኔ ወይም እንደኔ ያለ ሰው የጻፈው ነው።

ጋሽ አደሎ አልሳቁም። ማን ነው የሚፈቅድልሽ ብለው ጠየቋት። ኮሌጁ አለች። ኮሌጁ ባይፈቅድስ ሲሏት ወረቀቷን ልታጥፍ ጀመረች። «እስቲ ተፈቅዶልኛል በይና ሁለተኛውን መስመር አንብቢ» አሏት። ሁለተኛው መስመር ስለ ላማቸው ነበር። ድምፅዋ ቀና አለ።

በዚያ መንፈቅ ዓመት ቀስ እያለች «ጉዳዩ»ን ጣለች፣ «በትሕትና»ን ጣለች። «ጥፋቴ» ደብተሯ በጥቅጥቅ ጽሑፍ ሞላ። እኔን ግን ቲቸር ማለቷን አልተወችም፤ ቲቸር አይደለሁም ብላትም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመጣ ነው። የኔ ወደሆነው።

የመጨረሻው ድርሰት የሚያልፉበት ወይም የሚወድቁበት ነበር። በዚያ ሰሞን ጋሽ አደሎ ወንድማቸው ሞቶ ወደ ጨና ለቅሶ ሄደው ነበር። አየለች በማስረከቢያው ቀን ጠዋት መጣችና አነበበችልኝ። እናቷን ይዛ ወደ አንድ ቢሮ ስለሄደችበት ቀን ነው። የመስኮቱ ሠራተኛ እናቷ በካፊኖኖ ስትናገር ሰምቶ፣ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ይዘሽ ነይ፣ እዚህ ገበያ አይደለም ብሎ ሳቀባት። ልጇ አጠገቧ ቆማለች። አየለች እንዲህ ጽፋ ነበር፦

«እናቴ ያላት አንድ አፍ ነው። እኔ ሦስት አፍ አለኝ፤ የቤት፣ የትምህርት ቤት፣ የፈተና። እናቴ ስትሰደብ ሦስቱም ዝም አሉ።»

ካፊኖኖ የሚለው ቃል ራሱ የካፋ አፍ ማለት ነው፤ ኖኖ አፍም ነው ቋንቋም ነው። እኔ ይሄን አውቃለሁ። የአባቴ ወገን ከሰሜን የመጣ ነው እንጂ እናቴ ካፊኖኖ የምትናገር የጨና ሰው ናት። ማወቄ ነው ጥፋቴን የሚያከብደው። ያን ዕለት የታየኝ የልጅቷ እውነት አልነበረም፤ «አፍ» የምትል የድሃ ቃል ናት የታየችኝ። መምህሩ ይስቅባታል ብዬ ፈራሁ። ከፍርሃቱ ሥር ደግሞ ኩራት ነበር፤ ከኪሴ ያሉትን ቃላት የማወጣበት ቀን የመጣ መሰለኝ። እስኪሪብቶዬን አወጣሁ። «አፍ»ን ሰረዝኩና እንዲህ አልኩ፦ «ወላጅ እናቴ ከአንዲት ልሳን በቀር አልታደለችም።» ከዚያ አላቆምኩም። ሁለት ገጹን በሙሉ ልብስ አለበስኩት። አየለች ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«በጣም ያምራል ቲቸር» አለች። ገልብጣ አስገባች።

በሳምንቱ ዲኑና ሁለት መምህራን ያሉበት ኮሚቴ ጠራት። ይሄ ያንቺ ጽሑፍ አይደለም ተባለች፤ ልክ ነበሩ። ዲኑ ቃል እየመረጠ ጠየቃት። ልሳን ማለት ምን ማለት ነው አላት።

አየለች ጴንጤ ናት። ልሳን የሚለውን ቃል የምታውቀው ከቸርች ብቻ ነው። በትክክል መለሰች፦ «መንፈስ ሲወርድ በጸሎት የሚነገር ነው።»

ዲኑ ወደ መምህራኑ ዞር ብሎ፣ ታዲያ እናትሽ ቢሮው መስኮት ላይ በልሳን ጸለዩ አላት። ሳቁ። ሳቁ እኔ ካለሁበት ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር፤ በመካከላችን ሁለት በር ነው ያለው። ማን ጻፈልሽ ሲሏት አልተናገረችም። ዜሮ ተሰጣት፤ ሁለተኛ ከተገኘብሽ ትባረሪያለሽ ተባለች። በማግስቱ ጠዋት የደካን ሚኒባስ ተሳፍራ ሄደች። በኔ ክፍል ደጃፍ አልፋ ነው የሄደችው፤ ቀና አላለችም።

ስምንት ቀን ዝም አልኩ። ይሄን የምጽፈው ሳይቀንስ እንዲታወቅ ነው፤ ስምንት ቀን። ጋሽ አደሎ ከለቅሶ ሲመለሱ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። መጀመሪያ የጻፈችው አለ ወይ አሉ። የሰረዝኩበት ወረቀት እኔ ጋ ቀርቶ ነበር። አንብብልኝ አሉና ተቀመጡ፤ እጃቸውን ከጭናቸው ሥር ከተቱ። ከስረዛው ሥር እየፈለግሁ አነበብኩ። «ሦስቱም ዝም አሉ» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«ሦስት አፍ ነበራት» አሉ። «አንተ አራተኛ ጨመርክላት። እሱም ዝም አለ።»

ከዚያ በኋላ የተሰደብኳቸው ስድቦች ሁሉ ቀላል ናቸው።

በዚያው ቀን ለዲኑ ደብዳቤ ጻፍኩ። «ጉዳዩ» የለውም፣ «በትሕትና» የለውም። እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ እሷ የጻፈችውን አልጠየቃችሁኝም፣ እኔም አልነገርኳችሁም የሚል ነው። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ። ለአየለች ዜሮው አልተነሣላትም፤ በሚቀጥለው ዓመት ኮርሱን እንድትደግም ብቻ ተፈቀደላት።

ወሬውን ራሴ ላደርስ ወደ ደካ ሄድኩ። መንገዱ በዝናብ ከሁለት ቦታ ተቆርጦ ስለነበር ግማሹን በእግር ነው የገባሁት። እናቷ በር ላይ ተቀበለችኝ። በካፊኖኖ ማን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። እኔም በተሰባበረው ካፊኖኖዬ፣ ልጅሽን ያጠፋኋት እኔ ነኝ ልላት ፈልጌ ምን እንዳልኩ እንጃ፤ ሴትየዋ ሳቀች። አየለች ከኋላዋ መጥታ፣ ልጅሽ ጠፍታብኝ ልፈልጋት መጣሁ ነው ያልካት አለችኝ። አንተ አለችኝ፤ ቲቸር አላለችኝም። ስለ ኮርሱ ነገርኳት።

«እመለሳለሁ» አለች። «ክፍልህም እመጣለሁ። እስኪሪብቶህን ግን ቤትህ ተወው።»

ተውኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ባዶ እጄን ነው ወደ ክፍሉ የገባሁት።

ተመለሰች። መጀመሪያ በየሳምንቱ ትመጣና ታነብልኝ ነበር። ቀጥሎ ሙሉውን ማንበብ ትታ የከበዳትን አንቀጽ ብቻ ታመጣለች። ቀጥሎ አንቀጹንም ትታ ጥያቄ ብቻ ይዛ መጣች፤ «ከኋላ ብጀምረው ማን ይከፋዋል?» ዓይነት። በመጨረሻ ለሳምንታት ጠፋች። በሌላ ሥራ ሰው ሲጠፋብህ ታዝናለህ። በዚህ ሥራ ልጁ ሲጠፋ ነው የሚሳካው፤ ይሄን ለኮሌጁ ማስረዳት ግን አልቻልኩም። በየወሩ የሚጠይቁኝ ስንት ተማሪ መጣ ብለው ነው እንጂ ስንቱ መምጣት አቆመ ብለው አይደለም።

በዚያው ዓመት ጋሽ አደሎ ጉልበታቸው ደክሞ ወደ ሀገራቸው ወደ ጨና ገቡ። ክፍሉ ለኔ ቀረ። ድርሰት የሚጽፈው ስልክም በዚያው ሰሞን ገባ።

ስለ ስልክ ብዙ ይወራል። ተማሪው ርዕሱን ስልኩ ላይ ይጽፋል፤ ስልኩ ሁለት ገጽ ይመልስለታል። ንጹሕ፣ ለስላሳ፣ ላም የሌለበት። አስተማሪዎቹ ዓለም ያበቃ መሰላቸው። እኔን ግን አልደነቀኝም። እትዬ ዘነበች ቤት ተቀምጬ የሰውን ንዴት ወደ «ከላይ በርዕሱ» የምለውጠው፣ የአየለችን እናት በልሳን ያናገርኩ እኔ ራሴ ያ ስልክ ነበርኩ። እኔን ለምን ማንም አላገደኝም? አሞገሱኝ እንጂ።

የስልክ ድርሰት ይዞ ለመጣ ልጅ ያደረግኩለት ያንኑ ነው። አንብብልኝ እለዋለሁ። ድምፁ ከመጀመሪያው መስመር ወርዶ እስከ መጨረሻው አይነሣም። ግማሹ ላይ ሲደርስ ራሱ መሳቅ ይጀምራል። አንድ የዋጫ ልጅ አቋርጦ በስሜ ጠራኝና፣ ምትኩ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው፣ ቦንጋ መጥቶ ያውቃል አለኝ። ወረቀቱን ቀዶ ጻፈ። ሁሉም አልቀደዱም፤ አልዋሽም። የቀደዱት ግን በዛቻ አይደለም የቀደዱት፤ ከዚያኛው የሚሻል ነገር ራሳቸው ውስጥ እንዳለ ስለሰሙ ነው።

ዲኑ ሌላ መንገድ መረጠ። አንድ ቀን ጠርቶኝ መደቤ መቀየሩን ነገረኝ፤ ረዳት መባሌ ቀርቶ የጽሑፍ ተቆጣጣሪ ልባል ነው። ድርሰቶቹን አይቼ የስልክ ነው፣ የራሱ ነው እያልኩ እለያለሁ፤ የተጠረጠሩትን ስም ዝርዝር አስገባለሁ። ደመወዙ ይሻላል። ከፊቱ አንድ ድርሰት ነበር፤ መጀመሪያ በዚህ እንጀምር ብሎ ወደኔ ገፋው። ርዕሱ «የእናቴ አፍ» ይላል። የአየለች ነው።

ይሄ ከዚህ በፊት የተያዘች ልጅ የጻፈችው ሊሆን አይችልም አለ። በጣም ጥሩ ነው። በኮሌጁ ደንብ ሁለተኛ ጥፋት ማባረር ስለሆነ «የራሷ ስለመሆኑ ማረጋገጥ አልቻልኩም» የሚል ቃለ ጉባኤ ላይ እንድፈርም ፈለገ። እኔ ድርሰቱን አላየሁትም ነበር። አላሳየችኝም። ስለዚህ ማረጋገጥ አልችልም ብዬ ብፈርም ውሸት አይሆንም፤ ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው።

አልፈርምም አልኩት። እሷን ጠይቋት፣ ቃል በቃል ጠይቋት፣ እኔ እዚያ እቀመጣለሁ አልኩ። አንተ ለመመስከር የመጨረሻው ሰው ነህ አለኝ። ልክ ነው አልኩት፤ ለመመስከር ሳይሆን ለማዳመጥ ነው።

ኮሚቴው በዚያው ሳምንት ተቀመጠ። ያው ጠረጴዛ፣ ያው ዲን፤ ከመምህራኑ አንዷ አዲስ የአማርኛ መምህርት ነበረች። አየለች «ጥፋቴ» ደብተሮቿን፣ ሁለቱንም፣ በፌስታል ይዛ ገባች። ዲኑ ባዶ ወረቀት ገፍቶላት እዚሁ ሌላ እንድትጽፍ አዘዛት።

«አልጽፍም» አለች። «የጻፍኩትን ይጠይቁኝ።»

ዲኑ ቃል እንደ ባለፈው መረጠ። አፍ ማለት የሚበላበት ነው፣ አንቺ ግን አሥራ አንድ ቦታ ለቋንቋ ተጠቅመሽበታል፤ ይሄ አማርኛ ነው ወይ አላት።

እኔ አፌ ውስጥ መልስ ሞልቶ ነበር። ኖኖን ልነግረው፣ ከመዝገበ ቃላት ልጠቅስለት፣ ግጥም ልገጥምለት እችል ነበር። እጆቼን ከጭኔ ሥር ከተትኩ። ሕይወቴን ሁሉ እንደዚያ የከበደኝ ሥራ የለም።

አየለች ደብተሯን አልገለጠችም። በቤቷ ቋንቋ ሁለቱም አንድ ቃል መሆናቸውን ተናገረች፤ በአማርኛም ልጅ አፉን የፈታበት እንደሚባል አስታወሰቻቸው። ከዚያ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ቋንቋ ብዬ ጽፌው ነበር፤ አራት ጊዜ። አራተኛው እዚህ ፌስታል ውስጥ አለ። ቋንቋ ስል ነገሩ ትምህርት ይመስላል። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ግን ያየው አፏን ነው። እያያት ነው የሳቀው። ስለዚህ አፍ ነው።»

መምህርቷ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። ይሄ ደግሞ፣ አለች በጣቷ እያሳየች፣ እዚህ ጋ ነጥብ የለም። አየለች አየችና፣ እሱ ጥፋት ነው፣ አላየሁትም አለች። ከፌስታሉ ደብተር አውጥታ እዚያው ጻፈችው። መምህርቷ ሳቀች፤ ያለፈው ጊዜ ሳቅ ዓይነት አልነበረም። የሷ ነው፣ እኔ ፈርሜያለሁ አለች። ሌላውም መምህር ፈረመ። ዲኑ ቢያንስ አፍ የሚለው ቋንቋ ተብሎ ይስተካከል አለ።

«አላስተካክልም» አለች አየለች። «ነጥቡን አስተካክላለሁ።»

ዲኑ ሦስተኛ ሆኖ ፈረመ።

በማግስቱ የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገባሁ። ተቆጣጣሪ አልሆንም የሚል አንድ መስመር ነው። ልጆቹ የሚፈሩበት ክፍል ውስጥ የምቀመጥ ከሆነ እትዬ ዘነበች ቤት መቅረት ይሻለኝ ነበር፤ እዚያ ቢያንስ ያለቀሰ ሰው ወንበር ያገኛል። ዲኑ ስሜታዊ ነህ አለኝ። ነኝ።

ያን የኮሚቴ ቀን ግን ከኮሌጁ አብረን ወጣን። ዝናቡ ቆሞ ባጃጆቹ ቁልቁል ወደ መናኸሪያው ጭቃውን እየረጩ ይወርዳሉ። አየለች ሌላ ጽሑፍ መጀመሯን ነገረችኝ፤ ረጅም ነው፣ ማንም ያላዘዛት ነው። አሁን ስለ መስኮቱ ሰውዬ ነው፤ እሱ ቤቱ ሲገባ በስንት አፍ እንደሚናገር ማወቅ ፈልጋለች። አጎራባች ወረዳ ሄዳ የሱን ዓይነት ሠራተኛ አነጋግራለች። እየነገረችኝ ሳለ ፌስታሉ ውስጥ የእጅ ጽሑፉ ጫፍ ታየኝ። ሳላስበው እጄን ዘረጋሁ።

ፌስታሉን ወደ ሌላኛው ጎኗ አዞረችው።

«አይሆንም» አለች።

አልነካውም፣ ለማየት ያህል ነው አልኳት። አንድ ቦታ ላይ ከተቸገርሽስ አልኩ።

«ስቸገር አውቀዋለሁ። አልፌውም እሄዳለሁ፣ ወይ እመለስበታለሁ። ሲያልቅ ታነበዋለህ።» ባጃጁ ቆመላት፤ ገባችና አንገቷን ብቅ አደረገች። «እንደማንኛውም ሰው።»

ሦስት ወር ሊሆነው ነው። እስካሁን አላሳየችኝም። ደግ አደረገች።